የክላራ ልጆች

እስቲ ቀረብ በሉና ጆሯችሁን ስጡኝ። ዛሬ የማወጋችሁ የላም በረት ተረት አይደለም። የሆነና የተደረገ፣ ልጆቹም በዓለም ፊት ያደጉበት ታሪክ ነው። አገሩ ሃንጋሪ፣ ከተማው ቡዳፔስት ነው። ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር እየጠራሁ እነግራችኋለሁ።

ነገሩ የሚጀምረው በደብዳቤ ነው።

በ1960ዎቹ ውስጥ ላስሎ ፖልጋር የሚባል ሃንጋሪያዊ ወጣት ነበር። ከድንበሩ ማዶ፣ በዩክሬን በኩል፣ ክላራ የምትባል የውጭ ቋንቋ አስተማሪ ትኖራለች። ዩክሬን ያኔ በሶቪየት ኅብረት ውስጥ ናት። ላስሎ ለክላራ ይጽፋል። ወንድ ልጅ ለሚፈልጋት ሴት ምን ብሎ እንደሚጽፍ ሁላችንም እናውቃለን፤ ዓይንሽ፣ ጥርስሽ፣ እንቅልፍ ነሳኝ፣ እህል አልወርድ አለኝ ይላል። የላስሎን ደብዳቤ የሞላው ግን ገና ያልተወለዱ ልጆች ጉዳይ ነበር። ብንጋባ፣ ልጅ ብንወልድ፣ ያን ልጅ እንዲህና እንዲያ አድርገን እናስተምረዋለን እያለ ነበር የሚጽፍላት።

ላስሎ የማስተማር ነገር እንቅልፍ የነሳው ሰው ነበር። የታላላቅ ሰዎችን የሕይወት ታሪክ በመቶዎች እየሰበሰበ አንብቧል። ከሶቅራጥስ እስከ አንስታይን ያሉትን አገላብጦ፣ ሁሉም ዘንድ አንድ ነገር አገኘሁ አለ፤ በልጅነታቸው ጀምረዋል፣ አንድ ነገር ይዘው ቀን ከሌት ሠርተዋል። ስለዚህ ጤነኛ ሆኖ የተወለደ ልጅ ሁሉ፣ በጊዜ ከተያዘና በደንብ ከተሠራበት፣ ሊቅ መሆን ይችላል ብሎ ደመደመ። ሊቅ ይሠራል እንጂ አይወለድም ነው ነገሩ። ይህንንም በገዛ ልጆቼ አሳያችኋለሁ ብሎ ቆረጠ።

አሁን ደግሞ ደብዳቤውን የምትቀበለውን ሴት አስቧት። አስተማሪ ናት፤ ልጅ እንዴት እንደሚማር ታውቃለች። ጠያቂዋ የሚያቀርብላት ኑሮ ግን ሰው ያልሞከረው ነው። ልጆቿ ወደ ሰፈር ትምህርት ቤት አይሄዱም። ቤቷ ትምህርት ቤት ይሆናል። እሷ ደግሞ በዚያ ትምህርት ቤት ውስጥ እናትም፣ አስተማሪም፣ ምግብ አብሳይም ትሆናለች። ክላራ ይህን ሁሉ አነበበች፣ አሰበችበት፣ እሺ አለች። ተጋብተው ቡዳፔስት ጠባብ አፓርትመንት ውስጥ ኑሮ ጀመሩ።

ይህን ታሪክ የሚያወሩ ሰዎች አባትየውን ነው የሚያወሩት። ላስሎ እንዲህ አሰበ፣ ላስሎ እንዲህ አቀደ ይላሉ። እኔ ግን ታሪኩን በሰማሁ ቁጥር ዓይኔ የሚሄደው ወደ ክላራ ነው። ስለዚህ እስከ መጨረሻው ድረስ እሷን አትርሷት።

የመጀመሪያዋ ልጅ ሱዛን ሚያዝያ 19 ቀን 1969 ተወለደች፤ በአገሯ ስም ዡዣ ነው የምትባለው። ወላጆቿ በምን እንደሚያሠለጥኗት ገና አልወሰኑም ነበር። ሒሳብ ይሁን አሉ፤ ልጅቷ በቁጥር ላይ ፈጣን ነበረች። ቋንቋም አለ። የወሰነችው ግን ራሷ ሱዛን ናት ቢባል ከእውነቱ አይርቅም።

አራት ዓመት ሊሆናት ሲል ወይም ሲሞላት ነው። አንድ ቀን ቤት ውስጥ አዲስ መጫወቻ ፍለጋ ቁምሳጥኑን ትበረብራለች። አንድ ሳጥን አገኘች። ስትከፍተው ከእንጨት የተቀረጹ ትንንሽ ነገሮች፤ የፈረስ አንገት ያለው አለ፣ ግንብ የሚመስል አለ፣ ዘውድ የደፋ አለ።

«እማዬ፣ ይህ ምንድን ነው?»

«ቼዝ ይባላል። አባትሽ ሲመጣ ያሳይሻል።»

ክላራ ቼዝ አታውቅም ነበር። ሆኖም ሳጥኑን ከልጅቷ እጅ ነጥቃ ወደ ቦታው አልመለሰችም። ማታ ላስሎ ሲገባ ልጁ ሳጥኑን ታቅፋ በር ላይ ጠበቀችው ብላችሁ አስቡት። እሱም ቢሆን ለራሱ ያህል የሚጫወት እንጂ ባለሙያ አልነበረም። ነገር ግን አስተማሪ ነውና በአንዴ ሁሉንም ጠጠር አልዘረገፈባትም። በወታደሮቹ ብቻ ጀመረ። ስምንት ወታደር ላንቺ፣ ስምንት ወታደር ለእኔ፤ ቀድሞ ወዲያኛው ዳር የደረሰ ያሸንፋል። ሕፃን የምትወደው ጨዋታ ነው፤ ሩጫ ነው፣ መጠላለፍ ነው። ያን ስትጠግብ ንጉሡ ገባ። ከዚያ ሌላው፣ ከዚያም ሌላው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። የእኛም አባቶች ይህን ጨዋታ ያውቁታል፤ ሰንጠረዥ ይሉታል፣ በቤተ መንግሥትና በመኳንንቱ ቤት ይጫወቱት ነበር። ሲጀመር ወረራ የሚባል ነገር አለው፤ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠባበቁ ሠራዊታቸውን እንደ ልባቸው ያሰማራሉ፣ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ። ላስሎ በወታደር ብቻ ልጁን ያስጀመራትን ጨዋታ ሳስብ ያ ወረራ ይመጣብኛል። የልጅ ልብ በሕግ ብዛት ሳይታሰር መጀመሪያ ሜዳው ላይ እንዲሮጥ ተለቀቀ።

ወራት አለፉ። ሱዛን አባቷን ማሸነፍ ጀመረች። ላስሎ አንድ ቀን እጇን ይዞ ቡዳፔስት ወዳለ የቼዝ ክበብ ወሰዳት። ክፍሉ በሲጋራ ጭስ ታፍኗል። ያሉት በዕድሜ የገፉ ወንዶች ናቸው። ልጁን ይዞ ራሱ ሊጫወት የመጣ አባት መሰላቸው። ጉንጯን ቆንጠጥ እያደረጉ ሳቁላት። ላስሎ «ከእሷ ጋር የሚጫወት አለ?» ሲል ሣቁ ጨመረ። አንዱ ሰውዬ እሺ ብሎ ተቀመጠ። ተሸነፈ። ሌላው ተቀመጠ፤ እሱም ቀመሳት። ያን ጊዜ ጉንጭ መቆንጠጡ ቀረ።

ብዙም ሳይቆይ የቡዳፔስት ከ11 ዓመት በታች የሴት ልጆች ውድድር ተካሄደ። ሱዛን የአራት ዓመት ልጅ ናት። አሥር ጨዋታ ተጫወተች፣ አሥሩንም አሸነፈች። አንድ አቻ እንኳ የለበትም። የከተማው ሰው ጉድ አለ።

ልጅ ያለው ሰው ከዚህ በኋላ የሚመጣውን ጭንቀት ያውቀዋል። ልጅህ ከእኩዮቹ ቀድሞ ማንበብ ሲጀምር፣ ክፍል ውስጥ ሌላው ገና ሲጽፍ እሱ ጨርሶ መስኮት መስኮቱን ሲያይ፣ አስተማሪው ጠርቶ «ይህ ልጅ እዚህ ይሰለቻል» ሲልህ፣ ደስታውና ፍርሃቱ አንድ ላይ ነው የሚይዝህ። ማታ ባልና ሚስት ቁጭ ብለው ይመካከራሉ። የት እናስገባው? ክፍያውስ? ከእኩዮቹ ተነጥሎ ቢጎዳብንስ? ዘመድ ይመጣና «ልጁን አታጨናንቁት፣ እንደ ሰው ልጅ ይደግ» ይላል። ዘመድ እውነት አለው፤ አስተማሪውም እውነት አለው። በሁለቱ እውነት መካከል የሚያድረው ወላጅ ነው።

ላስሎና ክላራ ደግሞ ሌላ ተራራ ነበረባቸው። ሃንጋሪ ያኔ የሶሻሊስት አገር ናት። ልጅ ሁሉ መንግሥት በከፈተው ትምህርት ቤት፣ መንግሥት በጻፈው መጽሐፍ ይማራል። ሱዛን ለትምህርት ስትደርስ ወላጆቿ «ቤት እናስተምራት» ብለው ጠየቁ። አይሆንም ተባሉ። እንደገና ጠየቁ። ማመልከቻ፣ ቀጠሮ፣ ከቢሮ ቢሮ፣ ነገ ተመለሱ፤ ይህን እኛም እናውቀዋለን። ከሚኒስቴር ፈቃድ እስኪገኝ ወራት ፈጀ። በመጨረሻ ቤት ትማር፣ ግን ትምህርት ቤት ቀርባ ፈተና ትፈተን ተባለ።

ይህን ሳወራ የአብነት ትምህርት ቤታችን ትዝ ይለኛል። እዚያ ዕድሜ ክፍል አይመድብም። ልጁ ፊደሉን ሲያውቅ ወደ ንባብ፣ ንባቡን ሲያቀና ወደ ዳዊት፣ ዳዊቱን ሲደግም ወደ ዜማው ወይም ወደ ቅኔው ይሻገራል። የኔታ «ስንተኛ ክፍል ነህ?» አይሉትም፤ ከየት እንደደረሰ ነው የሚጠይቁት። ፈጣኑ ዘገምተኛውን ቆሞ አይጠብቅም፤ ዘገምተኛውም «ወደቅህ» ተብሎ አይባረርም። የቡዳፔስት ባለሥልጣናት እብደት ያሉት ነገር፣ ጎጃም ወይም ጎንደር ላሉ የቅኔ መምህር ቢነገር የሚደንቃቸው አይመስለኝም። አንድ ልጅ አንድ ሙያ ይዞ፣ በራሱ ፍጥነት፣ ከመምህሩ እግር ሥር ያድጋል፤ በቃ።

እሺ፣ ወደ ቤቱ እንግባ።

ሁለተኛዋ ልጅ ሶፊያ በ1974 ተወለደች፣ ሦስተኛዋ ዩዲት በ1976። በአፓርትመንቱ ግድግዳ ላይ ከወለል እስከ ጣሪያ የቼዝ መጻሕፍት ተደረደሩ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ነበሩ። ሌላው ግድግዳ ደግሞ በካርድ መሳቢያ ተሞላ። እያንዳንዱ ካርድ ላይ አንድ ሰው አንድ ቦታ የተጫወተው ጨዋታ ተጽፏል፤ ልጆቹ ነገ የሚገጥሙት ሰው ትናንት እንዴት እንደተጫወተ ከዚያ ይገኛል። ዛሬ ስልክ ላይ በአንድ ጊዜ የሚወጣው ነገር ያኔ በእጅ ተቆርጦ፣ ተጽፎ፣ ተሰድሮ ነበር።

የቀኑን ውሎ ላስሎ በጻፈው መጽሐፍ ላይ ዘርዝሮታል። አራት ሰዓት የተመረጠው ሙያ፣ እነሱ ዘንድ ቼዝ። አንድ ሰዓት የውጭ ቋንቋ፤ መጀመሪያ ኤስፔራንቶ፣ ከዚያ እንግሊዝኛና ሌላው። ኤስፔራንቶ ሕዝብ የሌለው፣ ሰው አስቦ የሠራው ቋንቋ ነው፤ ቀላል ስለሆነ ለሌላው ቋንቋ መንገድ ይጠርጋል ብሎ ነው። አንድ ሰዓት ለአገር ቋንቋ፣ ለሳይንስና ለመሳሰለው። አንድ ሰዓት ስለ ምግባርና ስለ ሰው ጠባይ፤ በዚህ ውስጥ ቀልድ መናገር ራሱ የትምህርት ጊዜ ነበረው። አንድ ሰዓት ስፖርት። ይህን ስሰማ መጀመሪያ የገረመኝ ቀልዱ ነው። ሰዓት እየቆጠረ የሚያሠለጥን ሰው ቤት ውስጥ ሣቅ የሚገባ አይመስልም። እሱ ግን ሣቅን በፕሮግራም አስገብቶታል፤ ያልሣቀ ልጅ እንደማይማር ያውቅ ነበር።

ውሎውን የጻፈው ላስሎ ነው። ውሎውን ያዋለችው ክላራ ናት። ሦስት ሴት ልጆች ሦስት የተለያየ ዕድሜ ላይ ሆነው በአንድ ጠባብ ቤት ሲውሉ ምን እንደሚመስል እናቶች ታውቁታላችሁ። አንዷ ሲርባት ሌላዋ እንቅልፏ ይመጣል፤ አንዷ ስታተኩር ሌላዋ ታለቅሳለች። ክላራ ስለዚህ ስትጠየቅ፣ ሐሳቡ የባሏ እንደሆነ፣ ሐሳቡን ሥራ ላይ የምታውለው ግን እሷ እንደሆነች በእርጋታ ተናግራለች። ከዚያ በላይ የሚያብራራ የለም።

አሁን የቤቱን አንድ በር ላሳያችሁ። ሱዛን ከአሠልጣኝ ጋር ስትሠራ ትንንሾቹ እንዳይረብሹ በሩ ይዘጋል። በሩ ላይ ትንሽ መስታወት አለች። ሶፊያና ዩዲት ከውጭ ሆነው በመስታወቷ ያያሉ። ውስጥ ታላቅ እህታቸው አለች፣ አባታቸው አለ፣ ጠጠሮች ይንቀሳቀሳሉ፣ ሰዎች ይስቃሉ። እኛስ? አስገቡን እያሉ ይለምናሉ። «ስትማሩ ትገባላችሁ» ተባለ። ተማሩና ገቡ።

ልብ በሉ፤ ሦስቱም ቼዝ ይማሩ ብሎ ያስገደዳቸው የለም ለማለት አልደፍርም። አራት ሰዓት አራት ሰዓት ነው። ነገር ግን ልጅ በተዘጋ በር በኩል አጮልቆ የሚያየውን ነገር፣ ተገፍቶ ከገባበት ነገር ጋር አንድ አድርጎ አያየውም።

እንዲያውም ይህን ስሙ። አንድ ሌሊት ነው። ላስሎ ከእንቅልፉ ተነሥቶ ሲያይ የመታጠቢያ ቤቱ መብራት በርቷል። በሩን ከፈት ሲያደርግ ሶፊያ ቁጭ ብላለች። የቼዝ ሰሌዳውን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ጠጠር ታንቀሳቅሳለች። ቤቱ ሁሉ ተኝቷል። አባትየው ራሱ፣ ያ ሁሉ ሰዓት የሚቆጥረው ሰው፣ ተጨነቀ።

«ሶፊያ፣ ጠጠሮቹን ተያቸው እንጂ!»

ልጅቷ ቀና ብላ አየችውና «አባዬ፣ እኔ ብተዋቸውም እነሱ አይተዉኝም» አለችው።

ልጅን ተሰጥኦ አለው ወይስ የለውም ብለን ስንከራከር፣ ለእኔ መልሱ ያለው እዚያ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ነው። ማንም የማያያት ሰዓት ላይ፣ ማንም ሳያዛት፣ ምን እንደምታደርግ ታየ።

ከቤቱ ውጭ ያለው ግን እንዲህ የዋህ አልነበረም። ላስሎ ሴት ልጆቼ ከሴቶች ጋር ብቻ አይጫወቱም፣ ከሁሉም ጋር ይጫወቱ አለ። የቼዝ ባለሥልጣናቱ ተቆጡ። ሱዛን ወደ ምዕራብ አገር ሄዳ እንዳትወዳደር ለዓመታት መንገድ ተዘጋባት። በ1984 የዓለም የሴቶች ደረጃ ዝርዝር ሲወጣ አንደኛ ሆና ተገኘች፤ 15 ዓመቷ ነው። በ1986 ደግሞ ለወንዶች የዓለም ሻምፒዮና ማጣሪያ የሚያበቃትን ነጥብ አገኘች፤ ሴት ነሽና አትገቢም ተባለች። በዚያው ዓመት ዓለም አቀፉ የቼዝ ፌዴሬሽን ለሴት ተጫዋቾች ሁሉ 100 ነጥብ ጨመረላቸው፤ ለሁሉም፣ ከሱዛን በስተቀር። ምክንያቱ እሷ ከወንዶች ጋር ስለምትጫወት ነጥቧ ትክክለኛ ነው የሚል ነበር። በዚህ የተነሣ በጥር 1987 ከአንደኛነቷ ወረደች። አንዲት ጨዋታ ሳትሸነፍበት የተወሰደባት ነው። እንዲህ ያለው በደል የ17 ዓመት ልጅ ላይ ሲደርስ ቤት ውስጥ ማን እንደሚያጽናናት አስቡ።

ክላራ በዚያ ሁሉ ዘመን ሻንጣ እያሰረች ነበር። ልጆቿን ይዛ ወደ 40 አገሮች ሄዳለች። ትኬቱ፣ ሆቴሉ፣ ቪዛው፣ ምግቡ፣ ሕመሙ ሁሉ የእሷ ነበር። ቼዝ የማታውቀው ሴት የዓለምን የቼዝ አዳራሾች ዳር ዳራቸውን ተቀምጣ አወቀቻቸው።

አሁን ደስ ወደሚለው ልውሰዳችሁ፤ ኅዳር 1988፣ ተሰሎንቄ፣ ግሪክ። የቼዝ ኦሊምፒያድ ነው። የሃንጋሪ የሴቶች ቡድን አራት ሰው አለው። ሦስቱ እህትማማቾች ናቸው፤ አራተኛዋ ኢልዲኮ ማድል ትባላለች። ሱዛን 19፣ ሶፊያ 14፣ ዩዲት 12 ዓመታቸው ነው። ፊት ለፊታቸው ያለችው ሶቪየት ኅብረት ናት፤ በሴቶች ኦሊምፒያድ ከገባችበት ወርቁን ለማንም ሰጥታ የማታውቅ። ዩዲትን በዓይነ ኅሊናችሁ ያዟት፤ ቀይ ጠጉር ያላት፣ እግሯ ከወንበሩ በታች የሚወዛወዝ ልጅ ናት። 13 ጨዋታ ተጫወተች። 12ቱን አሸነፈች፣ አንዱን አቻ ወጣች። ሃንጋሪ ወርቁን ወሰደች። ለዓመታት መንገድ የዘጋባቸው አገር ባንዲራውን አውጥቶ ተቀበላቸው።

ከዚያ በኋላ ያለው እንደ ጎርፍ ነው። በ1989 መጀመሪያ ላይ ዩዲት በ12 ዓመቷ የዓለም ሴቶች አንደኛ ሆነች፤ በወንድና በሴት በአንድነት ሲቆጠር 55ኛ። በዚያው ዓመት ሶፊያ ሮም ላይ ትልልቅ ሰዎች ባሉበት ውድድር ዘጠኝ ጨዋታ ተጫውታ ስምንቱን አሸነፈች፣ አንዱን አቻ ወጣች፤ ዕድሜዋ 14 ነው፣ ከተሸነፉት መካከል የቼዝን ትልቁን ማዕረግ የያዙ ግራንድ ማስተሮች አሉ። በ1991 ሱዛን ወንዶች በሚያልፉበት መንገድ አልፋ ግራንድ ማስተር ተባለች። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ዩዲት የሃንጋሪን ብሔራዊ ሻምፒዮና አሸንፋ ግራንድ ማስተር ሆነች፤ 15 ዓመት ከአራት ወሯ ነበር። አሜሪካዊው ቦቢ ፊሸር በ1958 የያዘው የዕድሜ ክብረ ወሰን በእሷ ተሰበረ።

አንድ ጨዋታ ላይ ግን ትንሽ ልቁም። 1994፣ ሊናሬስ፣ ስፔን። ዩዲት 17 ዓመቷ ነው። ፊት ለፊቷ የተቀመጠው ጋሪ ካስፓሮቭ ነው፤ በዘመኑ ተወዳዳሪ ያልነበረው። ካስፓሮቭ ፈረሱን አንሥቶ አንድ ቤት ላይ አኖረው። እጁን አነሣ። ከዚያ መልሶ ያዘውና ሌላ ቤት አኖረው። በቼዝ ሕግ እጅህ ጠጠሩን ከለቀቀ በቃ፤ እዚያው ይቀራል። የለቀቀው ከሰከንድ ላነሰች ቅጽበት ነው፤ ቪዲዮው ግን አሳይቷል። ዩዲት ዓይኗን አንሥታ ዳኛውን አየች፤ ዳኛው ዝም። እሷም በሰዓቱ አቤት አላለችም። ጨዋታውን ተሸነፈች።

ስምንት ዓመት አለፈ። መስከረም 2002፣ ሞስኮ። እንደገና ሁለቱ ተገናኙ። ይህኛው ፈጣን ጨዋታ ነው። ካስፓሮቭ ያኔም የዓለም አንደኛ ነው። ዩዲት እርምጃ በእርምጃ አጠበበችው፣ አጠበበችው፣ እጁን ሰጠ። በ2005 ደግሞ ስምንት ሰዎች ለዓለም ሻምፒዮንነት በተፋለሙበት የአርጀንቲናው የሳን ሉዊስ ውድድር ከስምንቱ አንዷ ሆነች። ከእሷ በፊት እዚያ የደረሰች ሴት አልነበረችም።

እንግዲህ ላስሎ አሸነፈ፤ ሊቅ ይሠራል ያለው እውነት ሆነ የሚል አለ። እኔ በዚህ አልስማማም። ሦስቱም አንድ ቤት ነው ያደጉት፣ አንድ እንጀራ ነው የበሉት፣ አንድ ፕሮግራም ነው የተማሩት። ከሦስቱ ይበልጥ ባለ ተሰጥኦዋ ሶፊያ እንደሆነች ሱዛን ራሷ ተናግራለች። ዩዲት ስትጀምር ዝግ ያለች ነበረች፤ ሥራ ላይ ግን የምትበገር አልነበረችም። ሶፊያ ደግሞ እንደ ዩዲት አልሠራሁም፣ መተውም ለእኔ ይቀለኛል ብላለች። ሶፊያ ወደ ሥዕል ሄደች፣ አገባች፣ ወለደች። ሱዛን በ1996 የሴቶች የዓለም ሻምፒዮን ሆነች፤ በኋላ አሜሪካ ገብታ የዩኒቨርሲቲ ቡድኖችን አሠለጠነች። ዩዲት እስከ 2014 ተወዳድራ በክብር ወረደች። አንድ በር ነው የገቡት፤ የወጡት ግን በሦስት በር ነው። ሌሊት መታጠቢያ ቤት ውስጥ ጠጠሮቹ አይተዉኝም ያለችው ልጅ ቼዝን መተው ቻለች፤ ወላጆቿም ሥዕሏን ይዛ ስትሄድ ቤቱ አልፈረሰም። እንዲህ ያለውን ቤት ነው እኔ የማከብረው።

አሁን ወደ ኋላ ልመልሳችሁና እጨርሳለሁ። ወደ ክላራ ነው የምመልሳችሁ፤ እንዳትረሷት ብያችሁ ነበር።

ልጆቹ በዓለም ስማቸው ሲጠራ ላስሎ ሌላ ሐሳብ መጣበት። ሰዎች ይህ በዘር ነው፣ ጎበዝ ልጆች ስለወለድክ ነው ይሉኛል፤ እንግዲያውስ ያልወለድኳቸውን ልጆች ወስጄ እንደገና ላሳያቸው አለ። ዮፕ ቫን ኦስተሮም የሚባል ሆላንዳዊ ቱጃር ነበር፤ ቼዝ የሚወድ፣ ለቼዝ ገንዘብ የሚያፈስ። እኔ አግዝሃለሁ አለው። ከድሃ አገር ሦስት ወንዶች ልጆች በጉዲፈቻ ይምጡ፣ ልክ እንደ ሴት ልጆችህ አሳድጋቸው ተባለ። ላስሎ ልቡ ተነሣ። ገንዘቡ አለ፣ ዘዴው አለ፣ ልምዱ አለ።

ይህን ስሰማ ሁልጊዜ ልቤ ቀጥ ይላል። ከድሃ አገር ሲባል ከየት ነው? ከእኛም ሊሆን ይችል ነበር። አንዲት እናት ልጇን ለሊቅነት ብላ አሳልፋ ትሰጥ ነበር፤ ልጁም አንድ ቀን ወደ ትልቅ አዳራሽ ይገባ ይሆናል፤ ግን ደግሞ አንድ ነገር ለማሳየት የመጣ ልጅ ሆኖ ያድጋል።

ላስሎ ነገሩን ለክላራ አቀረበላት። ያን የደብዳቤ ዘመን አስቡ፤ ሁለቱም ወጣት ሆነው፣ እሱ ጽፎ፣ እሷ እሺ ያለችበትን። አሁን ሁለተኛው ደብዳቤ ይመስላል። ክላራ ግን ከመጀመሪያው ደብዳቤ በኋላ ያለውን ዘመን ሁሉ ኖራበታለች። ሕይወት ቼዝ ብቻ እንዳልሆነ ታውቃለች። ከቼዙ ሌላ ያለው ሁሉ፣ ሕፃን ሌሊት ሲባንን፣ ትኩሳት ሲይዘው፣ እናቱ ስትናፍቀው፣ ተሸንፎ ሲያለቅስ፣ ልብሱ ሲያጥረው፣ በማን ጭን ላይ እንደሚወድቅም ታውቃለች።

እንቢ አለች። ልጆቹም አልመጡም።